የሞኖ የደም ውጤት አነባበብ

ጉሮሮው ከታመመ ሳምንት አልፎታል፣ ትኩሳቱ አልወርድ ብሏል፣ ድካሙ ደግሞ ከአልጋ አያስነሳም። ብዙው ሰው «ቶንሲል ነው» ብሎ ያልፈዋል። በተለይ ታማሚው ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሆነው ግን ሞኖኑክሊዮሲስም (በአጭሩ ሞኖ) ይታሰብ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው በምራቅ የሚተላለፈው ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ነው፤ ምልክቱ ብቅ እስኪል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈጅ ማን እንዳስያዛችሁ መመርመሩ ትርፉ ድካም ነው።

መጀመሪያ አንገታችሁን ዳስሱ። ከፊት ብቻ ሳይሆን ከኋላ በኩልም እጢ ካበጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጣፊያም ሊያብጥ ይችላል፣ እሱን ግን ሆዳችሁን እየተጫናችሁ አትፈልጉት፣ ለሐኪም ተዉት።

ሲቢሲው (የደም ሴሎች ቆጠራ ውጤት) ሲመጣ ጠቅላላ የነጭ ሴል ቁጥር ላይ ብቻ አታፍጥጡ። ዝርዝሩን እዩ። ሊምፎሳይት የሚባለው የነጭ ሴል ዓይነት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ መልካቸው የተለወጠ ሊምፎሳይቶች ደግሞ 10 በመቶ ከደረሱ፣ ከምልክቶቹ ጋር ተደምሮ ወደ ሞኖ ያመለክታል። ማሽኑ ይህን ለይቶ ላይነግራችሁ ስለሚችል ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ በሉ። እነዚህ ሴሎች ትልልቅ ናቸው፣ አጠገባቸው ያለውን ቀይ ሴል ታክከው ጠርዛቸው የእሱን ቅርጽ ይዞ ይታጠፋል። ሲታዩ ያስደነግጣሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ቫይረሱ በዋናነት የሚገባው ቢ ሴል በሚባለው ሊምፎሳይት ውስጥ ሲሆን፣ እኛን የሚያስደነግጡን አብዛኞቹ እሱን ሊያጠፉ የዘመቱ ቲ ሴል የሚባሉ ሌሎች ሊምፎሳይቶች ናቸው።

ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው) ትንሽ ቢወርድ የተለመደ ነው። ሂሞግሎቢን ወይም ፕላትሌት ክፉኛ ካሽቆለቆለ፣ ወይም ያልበሰሉ ሴሎች ታይተዋል ከተባለ ግን ሌላ የደም በሽታም ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የሞኖ ፈጣን ምርመራ በመጀመሪያው ሳምንት ኔጌቲቭ ቢል አትመኑት፤ ምልክቱ ካልጠፋ ይደገም። ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ፣ ቶክሶፕላዝማና ገና የጀመረ ኤችአይቪም ተመሳሳይ መልክ ስለሚያሳዩ ሐኪማችሁን ስለነሱም ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሞክሲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ሞኖን አያድንም፣ እንዲያውም ሰውነትን በሽፍታ ሊሞላው ይችላል። ሽፍታው የግድ የመድኃኒት አለርጂ ነው ማለት ስላልሆነ «አለርጂ አለብኝ» ብላችሁ ዕድሜ ልክ ከማስመዝገባችሁ በፊት ሐኪም ይየው። እግር ኳስና ትግልም ቢያንስ ለ3 ሳምንት ይቅር፣ የተሻላችሁ ቢመስላችሁም፤ ያበጠ ጣፊያ በአንድ ምት ሊፈነዳ ይችላል። በግራ በኩል የላይኛው ሆድ ወይም የግራ ትከሻ በድንገት ካመመ፣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።