አራጣን በእቁብ መዝጋት

በወር 10 በመቶ የተወሰደ 10,000 ብር አራጣ በየወሩ 1,000 ብር ይበላል። ዓመቱን ሙሉ 12,000 ብር ከፍላችሁም ዋናው ዕዳ አይነካም። የሱቅ ዱቤና የዘመድ ብድር ወለድ ስለሌላቸው ለጊዜው ይቆዩ፤ በቅድሚያ የሚዘጋው ይሄ ነው።

መፍትሔው ያንኑ 1,000 ብር ወደ እቁብ ማዞር ነው። አባላቱ 10፣ መዋጮው በወር 1,000 ከሆነ፣ ዋስ አቅርባችሁ ሰብሳቢውን የመጀመሪያውን ዕጣ ለምኑ። እቁብተኛ ችግር ሲነገረው ይገባዋል። በደረሳችሁ 10,000 ብር አራጣውን በአንዴ ዝጉ፤ የእቁቡ መዋጮም በ10 ወር ያልቃል።

ብሩ ቤት አይደር፤ ሲያድር ይሸረፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሲከፍል ነው፦ ለመያዣ የፈረመውን ቼክ አበዳሪው ጋ ትቶ ይመጣል። ቼኩን በእጃችሁ ሳትይዙ ብሩን አትቁጠሩ፤ የመክፈያውንም ወረቀት በሁለት ምስክሮች ፊት አስፈርሙ።