ደሴ ላይ ቅሪተ አካል የያዘ የኖራ ድንጋይ እንዴት ይለያል?

ደሴና ኮምቦልቻ የተቀመጡበት ዐለት፣ የጦሳን ተራራ ጨምሮ፣ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ ፈስሶ የረጋ ባዛልት ነው። በዚህ ምክንያት ነጭ ቅርጽ ያለበት ድንጋይ ያገኘ ሰው አስቀድሞ ድንጋዩ እዚያው የበቀለ ወይስ ለግንባታ በመኪና የመጣ መሆኑን ማጣራት ይኖርበታል። በባሕር ውስጥ የተደራረበው እውነተኛው የኖራ ድንጋይ በሰሜን በመቀሌ ዙሪያ፣ እንዲሁም በዓባይ ሸለቆ ይገኛል።

ቀጥሎ ድንጋዩን በምስማር ጫር አድርገው በዱቄቱ ላይ አቼቶ ጠብ ያድርጉ። የኖራ ድንጋይ በቀላሉ ይጫራል፤ አረፋም ያወጣል። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ባዛልቱ ሲቀዘቅዝ ጋዝ የፈጠራቸው ቀዳዳዎች ቆይቶ ካልሳይት በሚባል፣ የኖራ ድንጋይም በተሠራበት ነጭ ማዕድን ስለሚሞሉ፣ ዛጎል የሚመስሉ ነጫጭ ክቦች ይታያሉ፤ እነርሱም አረፋ ያወጣሉ። ስለዚህ አቼቶውን በነጩ ነጥብ ላይ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው የድንጋዩ አካል ላይም ይሞክሩት። አረፋው በነጩ ላይ ብቻ ከታየ ድንጋዩ ባዛልት ነው።

የኖራ ድንጋይ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ አዲስ የተሰበረውን ፊት ትተው ዝናብና ፀሐይ የበላውን ገጽ በውኃ አጥበው በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ ቅሪተ አካሉ ከድንጋዩ ይልቅ ጠንካራ ሲሆን ጎላ ብሎ ይወጣልና። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሙሉ ዛጎል ሳይሆን የተቆረጠ ጠርዙ፣ ማለትም ቀጭን የታጠፈ መስመር ነው፤ ለዚህ ዓይንን ማለማመድ ትዕግሥት ቢጠይቅም እጅግ ያስደስታል። መስመሩ እየተጠመዘዘ የሚሄድ ከሆነ ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ፣ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ኮከብ የሚፈነጥቅ ከሆነ ኮራል የሚባል የባሕር እንስሳ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ በመሐሉ ቢከፈል ግራና ቀኙ እኩል የሚሆን ዛጎል ብራኪዮፖድ የሚባል የባሕር እንስሳ ሲሆን፣ በተራ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ግን የሚመሳሰሉት ሁለቱ ክዳኖች እርስ በርሳቸው ናቸው። በስንጥቅ ላይ እንደ ቅጠል የተዘረጋ ጥቁር ሥዕል ደግሞ ብዙ ጊዜ ተክል ሳይሆን ውኃ የተወው የማንጋኒዝ ዝቃጭ ነው።

ቅሪተ አካል በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ስለሆነ፣ በተፈጥሮ ቦታው ያገኙትን በመዶሻ አይንኩት። አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ፤ ቦታውንና የተገኘበትን ንብርብር ጽፈው ለቅርስ ጥበቃ አካል ያሳውቁ።