አሮጌ ካምፐር ላይ የዕቃ ቦታ ሲጨምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወንበሯ ተነቅሎ አልጋ የገባባት አሮጌ ሚኒባስ (ካምፐር) ይዘው ከከተማ የሚወጡ ሰዎች አሉ። ወንጪ፣ ላንጋኖ ወይም አዋሽ አድረው ይመለሳሉ። ትንሽ ከተጓዙ በኋላ የሁሉም እሮሮ አንድ ነው፤ "ዕቃ ማስቀመጫ አነሰን!" ቀጥሎ ያለውም የታወቀ ነው። ለገጣፎ ወይም ቃሊቲ አካባቢ የሚያውቁት በያጅ ዘንድ ሄደው ቀብድ ይከፍላሉ።

ከቀብዱ በፊት አንድ ነገር ልበል። እነዚህን መኪኖች ብዙውን ጊዜ የሚያጥራቸው ቦታ ሳይሆን ክብደት የመሸከም አቅም ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህንን ካለማየት ነው።

ሳይመዝኑ መጀመር

መኪናዋ የምትችለው ጠቅላላ ክብደት በር አካባቢ ወይም ሞተሩ አጠገብ በተለጠፈች ትንሽ ሳህን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሳህኗ ከጠፋች ማኑዋሉን ይፈልጉ። ከዚያ ቁጥር ላይ የባዶ መኪናዋን ክብደት፣ ሰዉን፣ ነዳጁን፣ አልጋውን፣ ውሃውን ይቀንሱ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲጭኑ 40 ኪሎ ሄደ ማለት ነው። የሚተርፈውን ሲያዩ ብዙዎች ይደነግጣሉ።

እንጨቱ ደግሞ ሳይታሰብ ይከብዳል። 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሳንቃ) 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሦስት ከተጠቀሙ 120 ኪሎ ነው፤ ሳይጠሩ የተሳፈሩ ሁለት ጎልማሶች በሉት። በዚያው ስፋት ያለ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ (ከተደራረበ ስስ እንጨት የተሠራ ሳንቃ) ግን 20 ኪሎም አይሞላም። ለመደርደሪያና ለሣጥን ይበቃል። ለዚያውም ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካው ያብጣል።

አዲስ አበባ የራሷ ጣጣም አላት። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ አሮጌዋ ሚኒባስ ገና ባዶዋን ስትነሳ ሩብ ያህሉ ጉልበቷ የለም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገቱን ስትይዝ ይብስባታል። እዚህ አገር አንድ ኪሎ ማራገፍ ሌላ ቦታ ከማራገፍ የበለጠ ዋጋ አለው።

የከባድ መኪና ሚዛን ያለው ድርጅት ካገኙ ከፍለውም ቢሆን ያስመዝኑ። አንዴ መኪናዋን በሙሉ፣ አንዴ የፊት ጎማዎቿን ብቻ፣ አንዴ የኋላዎቹን።

ፖርቶመጋላውን (የጣራ ዕቃ መጫኛውን) እንደ ድልድይ ማሠራት

በያጆቻችን ጠንካራ ነገር ይወዳሉ። "አለቃ፣ ይሄ እኮ ዝሆን ይሸከማል!" ይሉዎታል፤ እውነታቸውን ነው። ችግሩ ዝሆኑ የሚቆመው በብረቱ ላይ ሳይሆን በመኪናዋ ጣራ ላይ መሆኑ ነው።

ቁጥሩን እንየው። 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) በሜትር 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ትልቅ ፖርቶመጋላ 20 ሜትር ቢፈጅ 48 ኪሎ ነው፤ ገና ምንም ሳይጫንበት። ያንኑ በ25 በ25፣ በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሠሩት 22 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። የብዙ መኪኖች ጣራ ከ100 ኪሎ በላይ እንዲሸከም አልተሠራም፤ ፖርቶመጋላው ራሱም ከዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ በወፍራሙ ብረት የጣራውን ግማሽ አቅም በልተውታል።

ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መኪናዋ መታጠፊያ ላይ ትዘነብላለች። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ይህ ቀልድ አይደለም። ጣራ ላይ የሚወጣው ቀላልና ሰፊ ዕቃ ነው፤ ድንኳን፣ ስፖንጅ ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር። ውሃና ነዳጅ አይወጣም። ጀሪካኑን ላይ አስሮ የታች ቁም ሳጥን ውስጥ ብርድ ልብስ የሚጠቀጥቅ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ገልብጦ ቢጭነው ምንም ወጪ አልነበረውም።

አሠራሩም አለ። አብዛኞቹ አሮጌ ሚኒባሶች ጣራቸው ዳር ላይ የዝናብ አሸንዳ አላቸው። ፖርቶመጋላው እሷን ቆንጥጦ በብዙ እግሮች ቢቆም ጣራው አይበሳም፤ ጭነቱም አንድ ቦታ ላይ አይወድቅም። ለመብሳት ትራፓኖ ካነሱ ግን የተበሳው ጠርዝ አንቲረስት ይቀባ፣ ከሥሩ ጎማና ሰፊ ሮንዴላ ይግባ፣ ከዚያ ሲሊኮን። ይህ ካልሆነ ቀዳዳዋን ሐምሌ ራሱ ያገኛታል።

አልቆ ሲመጣ ከመሬት እስከ ጫፍ ያለውን ቁመት ለክተው መሪው አጠገብ ይለጥፉት። የሕንፃ ሥር ፓርኪንግ ሲገቡ ያመሰግኑኛል።

ዝገት ላይ መበየድ

ቀለሟ የሚያብረቀርቅ አሮጌ መኪና አትመኑ። ማግኔት ይዘው ታችኛውን አካል፣ የጎማውን ዙሪያ፣ የበሩን ሥር ይዳስሱ። ማግኔቱ ሸርተት ካለ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ (ቀዳዳ የሚደፈንበት ልስን) ነው። እዚያ ላይ መደርደሪያ ወይም የውጭ ሣጥን ማሰር የትም አያደርስም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መጀመሪያ የበሰበሰው ላሜራ ይቀየር።

ብየዳ ሲጀመር የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፤ አለበለዚያ ዲናሞው ሊበላሽ ይችላል። ሞኬቱና ስፖንጁ ይነሳ። የነዳጅ ቱቦው በየት እንደሚያልፍ ሠራተኛው በዓይኑ ይይ። የእሳት ማጥፊያው መጋዘን ውስጥ ሳይሆን እጅ የሚደርስበት ይሁን።

ሁሉንም ወደ ኋላ መቆለል

የኋላ በር ላይ የሚንጠለጠል ሣጥን ያምራል። ነገር ግን ከኋላ ጎማ አልፎ የተቀመጠ ክብደት የፊቱን ከፍ ያደርገዋል። መሪው ይቀላል፣ የፊት ፍሬን በደንብ አይዝም። የበሩ ማጠፊያም ለበሩ እንጂ ለሣጥን አልተሠራም።

አሮጌዋ ቮልስዋገን ኮምቢ ሞተሯ ራሱ ኋላ ነው፤ ስለዚህ እሷ ላይ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። የአየር ማስገቢያ ክፍተቶቿ የኋላ ጎኖቿ ላይ ናቸው፤ በሣጥን ከሸፈኗቸው ሞተሩ ይግላል። የቀድሞዎቹ ቶዮታ ሃይኤሶች ሞተር ደግሞ ከፊት ወንበር ሥር ነው። እዚያ ላይ የማይነሳ ዕቃ ማስቀመጫ ካስገጠሙ ለእያንዳንዱ ጥገና አናጺ መጥራትዎ ነው።

"ባሌስትራ እንጨምርበታለን" የሚል መልስ ይመጣል፤ የኋላውን ተደራራቢ የብረት ሞላ ማለታቸው ነው። ባሌስትራ ሲጨመር ኋላዋ ከፍ ይላል፤ ፍሬኑ፣ ጎማውና አክስሉ ግን የነበሩት ናቸው። የሚፈቀደው ክብደት በባሌስትራ አይጨምርም።

ቡታጋዝና ከሰል አብሮ መቆለፍ

ይህንን ማለዘብ አልፈልግም። የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ታች ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል፤ አልጋውም ያለው እዚያው ነው። የሲሊንደሩ ሣጥን ከመኝታው ሙሉ በሙሉ የተዘጋ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ወደ ውጭ የተከፈተ ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። ሲሊንደሩ ቆሞ ይታሰር። ሣጥኑ ውስጥ ባትሪና የኤሌክትሪክ ማብሪያ አይግባ።

ቡና የማይፈላበት ጉዞ ስለሌለ ከሰሉም አለ። ምድጃው "ጠፍቷል" ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚገባበት ሌሊት አደገኛ ነው። የተዳፈነ ፍም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ምድጃው ከመኪናዋ ውጭ ይደር፤ ጧት በርዶ ይገባል። ጀበናውና ሲኒው የፈለጉበት ይሁኑ።

የቀሩት ትናንሽ የሚመስሉ

ስኮርት ጎማና ክሪክ ከአልጋው ሣጥን ሥር አይቀበሩ። ጎማ የሚፈነዳው ዝናብ ሲዘንብ ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስላል።

ቁም ሳጥኑ ከላሜራው ጋር አይጣበቅ። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ላሜራው ሌሊት ያልበዋል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተትና በሣጥኑ ጀርባ ላይ ጥቂት ቀዳዳዎች ካልተተዉ ልብሱም እንጀራውም ይሻግታል።

መሳቢያ በማግኔት ብቻ አይዘጋ። ሻካራ መንገድ ላይ ይከፈታል። ተጭነው የሚከፍቱት መቆለፊያ ወይም ተራ የበር መቀርቀሪያ ይሻላል።

ጣራ ከማስቆረጥዎ ወይም ወንበር ከማስነቀልዎ በፊት መኪናዋ የተመዘገበችበት ቢሮ ሄደው ይጠይቁ። ተሽከርካሪን ስለ መመዝገብና ስለ መመርመር የወጣ አዋጅ አለ። ሊብሬው ላይ ያለውና ቆማ የምትታየው መኪና ካልተመሳሰሉ ቦሎ ለመለጠፍ ሲሄዱ ጣጣው ይጀምራል። ለኢንሹራንስዎም ይንገሩ።

ሥራው ሲያልቅ ሙሉ ጭነት ጭነው እስከ ሆለታ ደርሰው ይመለሱ። ቤት ሲገቡ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያጥብቁ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ያልላላ ዳዶ ብርቅ ነው።