የቆየ ፎቶግራፍ በምን ዘዴና በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ለመለየት

አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ መቼ እንደተነሣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመለከተው የሰዎቹን አለባበስና የጸጉር አሠራር ነው። ይህ ግን በቀላሉ ያሳስታል፤ ሰው ጊዜው ያለፈበት ልብስ ለብሶ ሊነሣ ይችላል፣ የቆየ ፎቶም ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ሊታተም ይችላል። ምስሉ ያረፈበት ነገር፣ ማለትም ብረቱ፣ መስታወቱ ወይም ወረቀቱ፣ ከልብሱ ይልቅ የታመነ ምስክር ነው። ለምርመራው የሚያስፈልጉት አጉሊ መነጽር፣ ትንሽ ማግኔትና ከጎን ብርሃን የሚሰጥ መስኮት ብቻ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ምስሉ በወረቀት ላይ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ። ወረቀት ካልሆነና ሲያዘነብሉት አንዴ የራስዎን ፊት መልሶ የሚያሳይ፣ አንዴ ደግሞ ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ ኔጌቲቭ የሚመስል ከሆነ፣ በእጅዎ ያለው ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በ1839 ለዓለም ያስተዋወቀው ዳጌሮታይፕ ነው። ሰሌዳው በብር የተለበጠ መዳብ ሲሆን፣ በአዮዲን ጭስ ለብርሃን ስሱ እንዲሆን ከተደረገ በኋላ በሜርኩሪ እንፋሎት ምስሉ እንዲወጣ ይደረግ ነበር። ምስሉ በገጹ ላይ እንደ ብናኝ ያረፈ በመሆኑ ከላይ የሸፈነውን መስታወት ከፍቶ አቧራውን በጨርቅ የሚጠርግ ሰው ምስሉንም አብሮ ይጠርገዋል። ስለዚህ ማቀፊያው በፍጹም አይከፈት።

ምስሉ በማንኛውም አቅጣጫ ሲታይ የማይገለበጥ ከሆነ ቀሪዎቹ አማራጮች ሁለት ናቸው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ይፋ ባደረገው የእርጥብ ኮሎዲዮን (ሰሌዳ ላይ የሚፈስ ተጣባቂ ፈሳሽ) ዘዴ መስታወት ላይ የተነሣው አምብሮታይፕ፣ በመሠረቱ ስስ ኔጌቲቭ ሆኖ ሳለ ከጀርባው ጥቁር ቀለም ወይም ጨርቅ ስለተደረገለት ብቻ ፖዘቲቭ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው ያልተገለበጠ ምስል፣ መስሎ ይታያል፤ ጥቁሩ በተላጠበት ቦታ ከጀርባ ያለው ነገር ወደ ፊት ይታያል። ቲንታይፕ ደግሞ በጥቁር ቫርኒሽ በተቀባ ስስ የብረት ሰሌዳ ላይ የተሠራ ነው። ማግኔቱን ከጀርባው፣ በመካከል ወረቀት አድርገው ሲያስጠጉት ይሳባል። ቲንታይፕ ከ1850ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እጅግ ረጅም ጊዜ ያገለገለ በመሆኑ ዘመኑን ለማጥበብ ብዙም አይረዳም።

የወረቀት ፎቶ ይበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። አጉሊ መነጽሩን ብርሃናማ በሆነው የምስሉ ክፍል ላይ፣ ለምሳሌ በነጭ ሸሚዝ ወይም በሰማይ ላይ፣ ያድርጉና የወረቀቱ ክሮች ይታዩ እንደሆነ በጥንቃቄ ይመልከቱ። ክሮቹ ከታዩ፣ ወረቀቱ ስስ ሆኖ በካርቶን ላይ ከተለጠፈና ነጩ ክፍል ወደ ቢጫ ከተለወጠ፣ ፎቶው ከ1850 እስከ 1890ዎቹ በስፋት ይሠራበት የነበረው፣ በእንቁላል ነጭ የተቀባው የአልቡሚን ወረቀት ሳይሆን አይቀርም። ክሮቹ ካልታዩ በወረቀቱና በምስሉ መካከል ባሪታ የሚባል የባሪየም ሰልፌት ንጣፍ አለ ማለት ነው፤ ይህም ባብዛኛው ከ1880ዎቹ ወዲህ ወደ ተስፋፋው የጀላቲን ወረቀት ያመለክታል። በመስኮቱ ብርሃን አዘንብለው ሲያዩት በጠርዙ ጥቁር ክፍሎች ላይ ሰማያዊ የብር ጸዳል ካለ ግምቱ ይጠናከራል። ብዙዎች ቡናማ ቀለም ያለውን ሁሉ «የጥንት ነው» ይላሉ፤ ነገር ግን በባሪታ ወረቀት ላይም ቡናማ ፎቶ ይታተም ስለነበር ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በአጉሊ መነጽር ሥር በረድፍ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ከታዩ የያዙት ፎቶግራፍ ሳይሆን በማተሚያ ማሽን የታተመ ሥዕል ነው። ቀለም ያለው ምስል ከሆነ ደግሞ ቀለሙ በብሩሽ የተጨመረ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ የብሩሽ ቀለም ከከንፈር ወይም ከልብስ ጠርዝ ያልፋል። ጀርባው እንደ ፕላስቲክ የሚያንሸራትት ወረቀት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣ ነው።

በመጨረሻ ፎቶው ከሌላ ፎቶ የተገለበጠ መሆን አለመሆኑን ይመርምሩ። በምስሉ ውስጥ የሌላ ፎቶ ጠርዝ፣ የመርፌ ቀዳዳ ወይም በእጅ ሲዳሰስ የማይገኝ ስንጥቅ ከታየ ወረቀቱ የሚናገረው የግልባጩን ዘመን እንጂ ምስሉ የተነሣበትን ዘመን አይደለም። እንዲህ ሲሆን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ ከጀርባው ጠርዝ ላይ ሁለቱንም ግምቶች ለየብቻ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ለፊት ሊሰርግ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይሆንም።