ከጥድ ሥር የተራቆተውን መሬት በቪንካ የሸፈንሁበት መንገድ

ሱሉልታ በሚገኘው ግቢያችን ከአሮጌው ጥድ ሥር ሣር ፈጽሞ አልይዝ ብሎ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እያጠበ ሥሩን ያጋልጠው ነበር። መፍትሔ የሆነው ቪንካ ነው፤ መነሻው አውሮፓ የሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ አበባ የሚያወጣ፣ በመሬት ላይ የሚሳብ ተክል ነው።

ችግሩ ጥላው ብቻ አልነበረም። የጥዱ ሥር ከመሬቱ ገጽ አጠገብ ተሰራጭቶ የበጋውን እርጥበት ስለሚመጠው፣ ጥቁሩ አፈርም በክረምት ጭቃ ሆኖ በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ ለጋ ችግኝ ሥር የሚሰድበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ወፋፍራሞቹን ሥሮች ሳልነካ በመካከላቸው ባሉት ክፍተቶች ብቻ ቆፍሬ፣ በሚገባ የበሰበሰ ፍግና ቅጠላ ቅጠል ከአፈሩ ጋር ቀላቀልሁ፤ የጥዱንም ዝቅተኛ ቅርንጫፎች መልምዬ የጠዋት ብርሃን እንዲገባ አደረግሁ። ቪንካ ጥላን ይችላል፤ ጨለማ በበዛበት ግን ቅጠሉ እንጂ አበባው አይበረክትም።

ግንዱ አፈር በነካበት አንጓ ሁሉ ሥር ስለሚያወጣ፣ ችግኝ መግዛት አላስፈለገም። ከጎረቤት ያገኘሁትን ቁርጥራጭ፣ ዝናቡ በጸናበት በሰኔ መጨረሻ፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ተከልሁ፤ በመጀመሪያው በጋ ውሃ ማጠጣት ግድ ነበር። አሁን መሬቱ ተሸፍኗል፤ ጎርፉም አፈሩን አይወስድም።

ተክሉ ወሰን ስለማያውቅ ዳር ዳሩን መከርከም ያስፈልጋል፤ ሲበላ መርዛማ ስለሆነም የተከረከመውን ለከብት መስጠት አይገባም።