ደራሽ ጎርፍን በኮምፒውተር እንዴት እንደገና እናስኬዳለን? የድሬዳዋን ደቻቱ ይዘን እንሞክር

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ድሬዳዋ ላይ ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር በእግሩ ይሻገረዋል። ያን ሌሊት የወረደው ውሃ በዋናነት የመጣው በስተደቡብ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነበር።

ይህን ጎርፍ በላፕቶፓችሁ ላይ መልሳችሁ ማስኬድ ትችላላችሁ። የውሃ ፍሰትን የሚያሰላው ሄክ-ራስ (HEC-RAS) የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ለካርታው ደግሞ ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ይበቃል፤ እሱም ነጻ ነው።

1. ከተራራው ጀምሩ

ብዙ ጀማሪ የከተማውን ካርታ ብቻ ቆርጦ ይነሳል። ለደቻቱ ይህ ከመነሻው ስህተት ነው። ኪውጂአይኤስ ላይ ወደ ከተማው የሚፈሰውን ተፋሰስ በሙሉ፣ እስከ ደጋው ጫፍ ድረስ፣ አውጡ። የካርታ መለኪያችሁን (CRS) በሜትር በሚለካው ዩቲኤም (UTM) ዞን 37 ሰሜን ላይ አድርጉት፤ አለዚያ ርቀቱ በሜትር አይሰላላችሁም።

2. የመሬቱን ከፍታ አስተካክሉ

ኮፐርኒከስ የሚባለው የአውሮፓ የሳተላይት ፕሮግራም የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ በነጻ ይወርዳል። ግን እንዳለ አትመኑት። ሳተላይቱ ያየው ከላይ ያለውን ነው፤ የቤት ጣሪያና የዛፍ አናት እንደ መሬት ተቆጥሮ ሊገባ ይችላል። ድልድይም ግድብ ሊመስል ይችላል፤ ከሥሩ ውሃ እንደሚያልፍ ኮምፒውተሩ በምን ያውቃል? ድልድዮቹን አንድ በአንድ እየፈለጋችሁ ከሥራቸው መተላለፊያ ክፈቱ። ጠባብ ቦዮችም ጎኑ 30 ሜትር በሆነ ካሬ ውስጥ ይጠፋሉ። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ውጡና ስፋትና ጥልቀታቸውን ለኩ፤ ከዚያ በእጅ አስገቡ። አሰልቺ ነው፣ ግን ውጤቱን የሚወስነው ይህ ሥራ ነው።

3. ዝናቡን በሰዓት ስጡት

የቀን ድምር አትጠቀሙ። 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ ቢወርድ ገበሬው ያመሰግናል። ያው ዝናብ በ1 ሰዓት ከወረደ ጎርፍ ነው። እስቲ እናስላው። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 60 ሚሊ ሜትር ማለት 60,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ከዚህ 70 በመቶው ሳይሰርግ ከፈሰሰ፣ በሰከንድ 12 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። 12,000 ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ በየሰከንዱ እንደመድፋት ነው። ይህ ደግሞ ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ።

በየግማሽ ሰዓቱ የተለካ የሳተላይት ዝናብ፣ አይመርግ (IMERG) የሚባለው፣ ጎርፉ ለደረሰበት ጊዜም አለ። የአንዱ ካሬው ጎን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ዶፉን ያለዝበዋል። በአካባቢው የዝናብ መለኪያ ካለ ከሱ ጋር አስተያዩት።

4. መሬቱ ውሃውን ምን ያህል እንደሚያሰርግና እንደሚያዘገይ ንገሩት

አስፋልትና ቆርቆሮ ምንም ውሃ አያሰርጉም ማለት ይቻላል፤ አሸዋ ያሰርጋል። ለእያንዳንዱ የመሬት ዓይነት ደግሞ ማኒንግ የሚባል የሻካራነት ቁጥር አለ። ለአስፋልት ከ0.015 አካባቢ፣ ለሣር ከ0.035 አካባቢ ጀምሩ።

5. አስኪዱት

መሬቱን ጎናቸው 20 ሜትር በሆነ ካሬዎች ከፋፍሉ። በወንዙ ዳርና በመንገዱ ጠርዝ ላይ መስመር አስምሩ፤ ካሬዎቹ በዚያ እንዲሰለፉ። ውሃው በሰከንድ 4 ሜትር የሚሮጥ ከሆነ ስሌቱ በየ5 ሰከንዱ ወይም ከዚያ ባነሰ ይሁን። አለዚያ ውሃው በአንድ እርምጃ ከአንድ ካሬ በላይ ይዘላል፣ ቁጥሩም ይበላሻል።

6. ሰው ጠይቁ

ለእኔ ትልቁ ደረጃ ይህ ነው። ካርታውን አትማችሁ ደቻቱ ዳር ሂዱ። ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። «እማማ፣ ያን ሌሊት ውሃው የት ድረስ ደረሰ?» በሉ። በእጃቸው ግድግዳው ላይ ያሳዩአችኋል። ያንን ከፍታ ለኩ። ሞዴሉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ያሰላው ጎርፍ፣ 1 ሜትር ሲል እሳቸው 2 ሜትር ካሉ፣ መታረም ያለበት ሞዴሉ ነው። ወደ ዝናቡና ወደ ሻካራነቱ ተመለሱና እንደገና አስኪዱ። ስትጠይቁ ግን ቀስ በሉ፤ የምታናግሩት ሰው ልጁን ያጣ ሊሆን ይችላል።

7. ውጤቱን አንብቡ

ጥልቀቱን ብቻ አትዩ፣ ፍጥነቱንም እንጂ። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሚሮጥ ውሃ አዋቂን ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ሊወስድ ይችላል። አንዱን ድልድይ በግንድና በቆሻሻ እንደተደፈነ አድርጋችሁም አንድ ጊዜ አስኪዱ። ውሃው አቅጣጫ ቀይሮ ወደየትኛው ሰፈር እንደሚገባ ታያላችሁ።

ከዚያ አንድ ቁጥር አውጡ፦ ደጋው ላይ ዶፉ ከጀመረበት ሰዓት አንስቶ ጎርፉ ከተማ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ አለ? ካርታው አናት ላይ በትልቁ ጻፉት። በ1998ቱ ሌሊት የተኙትን ለመቀስቀስ የነበረው ጊዜ እሱ ነው።