ጌሙ ስለተወደደ ብቻ ኮንሶሉን እንዳትገዙ

አንድ ጌም ይወጣና ሰው ሁሉ ስለሱ ያወራል። ማንም ዞር ብሎ ያላየው ኮንሶልም (ጌም መጫወቻው ማሽን) በአንዴ ተፈላጊ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ወይ ሸዋ ሮቢት ላይ ጌም ቤት ልትከፍቱ ብር እያጠራቀማችሁ ያላችሁ ልጆች፣ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ ወሬውን ትታችሁ ኮንሶሉን እዩት። ዊ ዩ የሚባለው የኔንቴንዶ ኩባንያ ኮንሶል በፈረንጆች 2012 መጨረሻ ወጣ፣ ገበያው ግን እንቢ አለው። በ2014 የመኪና ውድድር ጌሙ ማሪዮ ካርት 8 ሲመጣ እንግሊዝ ውስጥ የዊ ዩ ሽያጭ በአንድ ሳምንት 666 በመቶ ጨመረ። ይሄን የሰማ ሰው "በቃ፣ ተነሳ!" ቢል አይፈረድበትም። ግን ከስንት ተነስቶ ነው የጨመረው? በፊት የሚሸጠው ትንሽ ከሆነ መቶኛው በቀላሉ ይገዝፋል። ዊ ዩ እስኪቆም ድረስ የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ከሱ በፊት የነበረው ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሄዷል። ያው ማሪዮ ካርት 8 በ2017 ወደ ኔንቴንዶ ቀጣይ ኮንሶል ወደ ስዊች ተሻገረና እዚያ ከ60 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጠ። ስለዚህ "ይሄ ጌም ነገ ሌላ ኮንሶል ላይ ይመጣል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የተነሳም አለ። በእጅ የሚያዘው ኔንቴንዶ 3ዲኤስ በ2011 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 250 ዶላር ገደማ ነበር፤ አልሄደም። ነሐሴ ላይ ወደ 170 አወረዱት፣ ዓመቱ ሳያልቅ ሱፐር ማሪዮ 3ዲ ላንድና ማሪዮ ካርት 7 ተከታትለው መጡ። በመጨረሻ ወደ 76 ሚሊዮን ተሸጠ። ዋጋ ሲወርድና ጌም በጌም ላይ ሲደረብ ነው እንግዲህ ኮንሶል የሚድነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ጌም ቤት የሚኖረው በኳስ ነው። ሁለቱ ጆይስቲክ ይዘው ይጯጯሃሉ፣ ሌሎች ከኋላ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ቀጣዩ ይገባል። አንድ ሰው ብቻውን ሰዓታት ተቀምጦ የሚጫወተው የታሪክ ጌም፣ የፈለገ ቢወደድ፣ እንዲህ ዓይነት ወረፋ አይፈጥርም። የታሪክ ጌሙ ጂቲኤ 6 ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ነው የተባለው፣ ወሬውም ጦፏል። ለቤታችሁ ከሆነ ደስ ብሏችሁ ግዙ፤ ለጌም ቤት ግን በሱ ብቻ ተማምናችሁ ብር አታውጡ ነው የምለው።

ይልቅ የኳሱ ጌም በየዓመቱ ለዚያ ኮንሶል ይወጣል ወይ የሚለውን አጣሩ። ዊ ዩ የኳሱን ጌም ፊፋ 13ን ካገኘ በኋላ ሌላ ፊፋ አላየም። ፕሌይስቴሽን 3 እስከ ፊፋ 19 ድረስ ቆየ። ፕሌይስቴሽን 4 የ2013 ዕቃ ሆኖ ሳለ ኤፍሲ 26 (ያው ፊፋ ስሙ ተቀይሮ ነው) እንኳ ወጥቶለታል፤ አቅም ላነሰው ጀማሪ እኔ እሱን ነው የምመክረው።

ጌም በወጣበት ሰሞን አትግዙ። የኳሱ ጌም የሚወጣው መስቀል አካባቢ ነው፣ ያኔ ሁሉም ፈላጊ ነው። ትንሽ ታገሱ፤ ሞቅታው ሲበርድ ያገለገለውን የሚሸጥ አይጠፋም።

ርካሽ ዊ ዩ ወይ 3ዲኤስ ቢያጋጥማችሁ ደግሞ እወቁት፦ የኦንላይን ሱቃቸው መጋቢት 2023 ላይ ጌም መሸጥ አቁሟል፣ በኦንላይን መጫወቱም ሚያዝያ 2024 ተዘግቷል። በዚያ ላይ የአሜሪካው ዊ ዩ ወይ 3ዲኤስ የአውሮፓውን ጌም አይቀበልም። የአሜሪካው ዊ ዩ ቻርጀር የ120 ቮልት ስለሆነ የእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት አለቀለት።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊት ሰክታችሁ አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫወቱ፤ በተለይ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ፣ በዚያ ሙቀት ፋኑ ገና ከጅምሩ የሚጮህ ከሆነ ይቅርባችሁ። ከዚያ ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ወደ ጎን መሄድ ከጀመረ አናሎጉ (በአውራ ጣት የምትገፉት) አልቋል፤ ወይ ዋጋ ይቀንስላችሁ ወይ ጆይስቲኩን ይቀይርላችሁ።